የሚጮኸው ታንከር

ውድ ሳዳ፣

አክስቶችሽ ሳይቀድሙኝ ልጻፍልሽ። «ለተማርያም በሹዋሊድ በዓል ቀን የእናትሽን ግቢ በውኃ አጥለቀለቀችው» ብለው ነግረውሽ ከሆነ ውሸት አይደለም። የእንግዶች ጫማ ተንሳፍፎ በበሩ ወጥቷል፤ ቁልቁለቱንም ወርዷል። የአጎትሽ የአው ዓሊዪ አንደኛው ሸበጥ እስከ ዛሬ የገባበት አልታወቀም። እነሱ ወሬውን እዚህ ላይ ነው የሚጨርሱት፤ እኔ ደግሞ ከዚህ በኋላ ያለውን እንድትሰሚልኝ እፈልጋለሁ። ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን ገና ጫማው ላይ ስደርስ ሳቅ ይይዝሽና የቀረውን አትሰሚኝም፤ አራስ ደግሞ እንደዚያ መሳቅ የለባትም። ስለዚህ ልጅቱን እያጠባሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ካንቺ ብጀምር ይሻላል። ጀማል አግብቶሽ ወደ ጅግጅጋ ስትሄጂ እኔ ገና የነስሮ ሠራተኛ ነበርኩ። ነስሮ ኤረር በር አካባቢ ካሉት የቧንቧ ሠራተኞች ሁሉ አንጋፋው ነው፤ ሥራውን ያውቃል፣ አልክደውም። ከቴክኒክና ሙያ ስወጣ ሌሎቹ «ሴት ልጅ ደግሞ ከቧንቧ ጋር ምን አገናኛት?» ብለው ሲስቁብኝ የተቀበለኝ እሱ ነው። ለምን እንደተቀበለኝ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በጀጎል ግንብ ውስጥ የቤቱ ወንድ በሌለበት እንግዳ ወንድ ዘው ብሎ ወደ ማጀት አይዘልቅም። ቧንቧ ደግሞ ባል እስኪመጣ ጠብቆ አይፈነዳም። ስለዚህ እኔ ወደ ውስጥ እገባለሁ፤ ነስሮ በር ላይ ቆሞ ይጮኻል።

«ለቱ! ወደ ቀኝ አጥብቂው!»

አንድ ቀን እናንተ ቤት እንዲህ ሲጮኽ ከማጀት ሆነሽ መለስሽለት። «ወሪያ ነስሮ! ግንቡን አልፎ ይታይሃል እንዴ? እሷ የያዘችው ሌላ ነው!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽና፣ «አንቺ፣ ግን ይኼ ሰውዬ ምን ያደርግልሻል?» አልሽኝ። ሳቅሁና መፍቻዬን ይዤ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጥያቄሽ ግን አብሮኝ ወጣ፣ አብሮኝ ባጃጅ ተሳፈረ፣ አቦከር ያለው የኪራይ ቤቴ ድረስም አብሮኝ ገባ።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። በሠርግሽ ቀን ጀማልን እየሳምኩ «እንኳን ደስ ያለህ» ስለው በሆዴ ተቀይሜው ነበር። ጥሩ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ግን እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጠይቆኝ ኑሮዬን የሚያናውጥብኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም። አሁን ይቅር ብየዋለሁ፤ ንገሪው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከነስሮ ወጥቼ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ሱቅ ካልነው ነው፤ አንድ ደንበኛ ሲገባ እኔ ውጭ መቆም አለብኝ። ስሰናበተው ነስሮ አልተቆጣም። እንደ አባት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ሂጂ እሺ። ሰው ቤት ገብቶ መጠገን አንድ ነገር ነው፣ ቤት ሙሉ ተረክቦ መዘርጋት ግን ሌላ ነው። ማን አምኖ ቤቱን እንደሚሰጥሽ እናያለን። የተመለስሽ ቀን ቦታሽ አለ።»

የተናገረው አልቀረም። ሥራ አላጣሁም፤ ግን የሚመጣልኝ የሚያንጠባጥብ ቧንቧና የተዘጋ መታጠቢያ ብቻ ነበር። ሙሉ ቤት የሚዘረጋ ሰው ሁሉ ሱቄን አልፎ ወደ ወንዶቹ ይሄዳል። አንዳንዱ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፤ ሰላምታው የበለጠ ያናድደኝ ነበር።

ታዲያ አንቺ ለእናትሽ ደውለሽ «ግቢውን ለተ ትሥራው» ስትያት የሰጠሽኝ ምን እንደሆነ የገባሽ አይመስለኝም። አራት ቤት ያለበት ግቢ ነው! የዛገውን መስመር በሙሉ አንሥቶ፣ አዲስ ቧንቧ ዘርግቶ፣ ጣሪያ ላይ ታንከር ሰቅሎ፣ ለአራቱም ማጀት ውኃ ማድረስ። በመላው ጀጎል የማይወራለት ግቢ የለም። ካማረልኝ ስሜ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ከተበላሸብኝም እንዲሁ።

የግቢው ታላቅ እሳቸው ናቸውና፣ አው ዓሊዪ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም ነበር። «ሴት ቧንቧ ስትጠግን አይቻለሁ፤ ስትዘረጋ ግን አላየሁም» አሉ።

እናትሽ «ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«መጠገን የሌላውን ሰው ስሕተት ማረም ነው፤ መዘርጋት የራስን ስሕተት መጀመር ነው።»

ሳዳ፣ እንዲህ ከሚናገር ሰው ጋር እንዴት ይከራከራሉ? እናትሽ ግን ተከራከረች፤ አሸነፈችም። ሹዋሊድ ሳይገባ ጨረስኩ። ታንከሩ ባዶ ስለነበር የውኃው ፈረቃ እስኪደርስ አልጠበቅሁም፤ በጀሪካን ቀድቼ ጣሪያ ላይ ወጣሁና ገለበጥኩበት። የአራቱንም ቤት ቧንቧ አዘግቼ መገጣጠሚያውን ሁሉ አንድ በአንድ በሶፍት ዳበስኩት። ሶፍቱ ደረቅ ነበር። አው ዓሊዪ ሶፍቱን ተቀብለው እሳቸውም አገላብጠው ዳሰሱት። «ደርቋል» ብለው መለሱልኝ፤ ከእሳቸው አፍ ይኼ ትልቅ ምርቃት ነው።

የሹዋሊድ ቀን እናትሽ ጠርታኝ ነጭ ለብሼ መጣሁ። ቤታችሁ ጢም ብሎ ነበር። የነደባው መቀመጫ ደረጃ ከላይ እስከ ታች ሴት ነው፤ ቦታ ያጣችው ሌላዋ ጭን ላይ ተቀምጣለች። የዚክሪው ዜማ ሞቆ፣ ከበሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሳሕን እያንቀጠቀጠ፣ እኔም ግጥሙን ሳላውቀው እያጨበጨብኩ ነው። ጫማችን ሁሉ በር ላይ ነው።

መጀመሪያ ልትወጣ የተነሣችው ያቺ ባለወፍራም መነጽሯ ጎረቤታችሁ ናት። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች።

«ሱብሐነላህ! ጫማዬ የት ሄደ?»

«ሌላ ሰው አድርጎት ይሆናል» አላት አንድ ሰው።

«ማንም አላደረገውም! ይኸው በራሱ እየሄደ ነው!»

ግቢው ባሕር ሆኗል። ከአራቱም ማጀት ውኃ እየተንፎለፎለ ይወጣል፤ ጫማዎቹ ጥንድ ጥንዳቸውን አጥተው አንዱ ሌላውን እየገፋ በበሩ ይወጣሉ። ባዶ እግራችንን ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ ጫማችንን ተከትለን ወደ ጎዳናው ሮጥን። ሽቅብ የሚመጡት እንግዶች ቁልቁል የሚሮጡትን ሴቶች ሲያዩ ግጭት የተነሣ መስሏቸው ነበር። ምንጣፉ ነደባ ላይ ስለነበር አልረጠበም፤ አልሐምዱሊላህ። ታንከሩ ግን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ ፈሶ አለቀ። በዓሉ ላይ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ባለበት፣ የእናትሽ ግቢ አንድ ብርጭቆ ውኃ አልነበረውም።

ማንም አልሰደበኝም። እሱ ነው የከፋው። ጎረቤቶች በጀሪካን ውኃ ተውሰው ሲመጡ ሰላም እያሉኝ ያልፋሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ ነስሮ መፍቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ግቢው መሐል ቆሟል። አው ዓሊዪ ናቸው የጠሩት።

«ለቱ፣ እህቴ፣ አይዞሽ» አለኝ። «መገጣጠሚያው ለቆብሽ ነው። በሁሉም ላይ ይደርሳል። እኔ እጨርሰዋለሁ፣ አንቺም እንደ ድሮው ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ።»

ወደ አጎትሽ ዞርኩ። «አው ዓሊዪ፣ ምኑ እንደለቀቀ ሳይታወቅ ማንም እንዳይነካው እለምንዎታለሁ። መጀመሪያ ልየው።»

«እይው፤ እሱም ይይ፣ እኔም አያለሁ» አሉ።

መገጣጠሚያው ሁሉ እንደተውኩት ነው። ባዶ ቧንቧ ግን ምን ይናገራል? ውኃ ሊኖረው ይገባል። የአራቱንም ቤት ሴቶች ጠየቅኋቸው፤ «ቧንቧችሁ ተዘግቷል?»

«ወላሂ ተዘግቷል!» አለች አንደኛዋ። ሁለተኛዋም ማለች። እናትሽማ በመጠየቄ ተቀየመች። «ውኃ በሌለበት ምን ብዬ እከፍተዋለሁ?»

ጀሪካኔን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁና ገለበጥኩት። ውኃው ታንከሩን እንኳ ሳያረጥብ ከታች ከአራቱም ማጀት በአንድ ጊዜ ድምፅ ተሰማ። ቧ! ውኃ ባልዲ ላይ ሲወርድ የሚሰጠው ድምፅ ነው።

ወርጄ እየዞርኩ አየሁ። በአራቱም ማጀት ቧንቧው ቧ ብሎ ተከፍቷል፤ ከሥሩም ባልዲ ተቀምጧል።

«ይኼንን ማን ከፈተው?» አልኩ።

«ማንም አልከፈተውም» አለች እናትሽ። «ክፍት ነበረ እንጂ።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሳቄም መጣ። ሳዳ፣ ሐረር ላይ ውኃ በሌለበት ቀን ቧንቧውን የሚዘጋ ማን አለ? ፈረቃው መቼ እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ቧንቧውን ከፍተን ባልዲ ከሥሩ እናስቀምጣለን፤ ባልዲው ሲጮኽ ውኃ መጣ ብለን እንሮጣለን። ከእናቶቻችን የወረስነው ደወል ነው፤ ልማድ ስለሆነ ተከፍቷል ብለን እንኳ አንቆጥረውም። በድሮው መስመር ውኃው እያንጠባጠበ ስለሚመጣ ባልዲው እስኪሞላ ቡና አፍልቶ መጠጣት ይቻል ነበር። የእኔ ቧንቧ ግን አዲስና ሰፊ ነው፤ ከጣሪያ ላይ ሲለቀቅ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። በሹዋሊድ ቀን በዚክሪው መሐል ፈረቃው ሲደርስ ባልዲዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፣ ጮኸዋል። ከከበሮው በላይ ግን ማን ይስማቸው?

ይኼን ሳስረዳ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። በበዓል ማግሥት እናትሽ እንድታፍር አልፈለግሁም።

«ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የእኔም ቧንቧ ተከፍቶ ነው» አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። «እኔው ራሴ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ።»

እናትሽ ቀና አለችና ነስሮን ተመለከተችው። «ያንተስ ቤት፣ ነስሮ?»

ነስሮ መፍቻውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረው። «የእኔ… ሁለቱም ክፍት ናቸው» አለ።

አቦ ሳዳ፣ ያን ሳቅ ብትሰሚው! አው ዓሊዪ እንኳ ጺማቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ፊታቸውን መለሱ።

«ጥሩ። ጥፋቱ የቧንቧው አይደለም። ግን እነዚህ ሴቶች ነገም ይከፍቱታል፤ አውቃቸዋለሁ። ያን ጊዜ ምን ልታደርጊ ነው?»

ነስሮም ሳቁን ዋጠ። «ታንከሩን አውርደን እንደ ድሮው ማድረግ ነው።»

«ዝጉት ከተባልን እንዘጋለን» አለች አንደኛዋ ጎረቤት፤ እናትሽ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ አልዋሽም። ሳልሰማው ውኃ መጥቷል ብዬ ማመን አልችልም። ሲመጣ ልስማው እንጂ እዘጋዋለሁ።»

አው ዓሊዪ ፍርዳቸውን ሰጡ። እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ መላ ካገኘሁለት ግቢው የእኔ ነው፤ ካላገኘሁ ነስሮ ታንከሩን አውርዶ ይጨርሰዋል። ነስሮ ሲወጣ «ቦታሽ አለ» አለኝ እንደገና። በቅንነት ነው ያለው፤ ለዚህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

እናትሽ የተናገረችውን እያመነዠክሁ ዋልኩ። ሲመጣ ልስማው እንጂ። የሚጮኸው ነገር ማጀት ውስጥ ካልሆነ የት ይሁን? ውኃው ከመንገድ መጥቶ መጀመሪያ የሚወድቅበት ቦታ ታንከሩ ነው። ስለዚህ ታንከሩ ራሱ መጮኽ አለበት። ከታንከሩ አፍ ሥር፣ ውኃው ሲገባ በሚወርድበት በኩል፣ ቆርቆሮ በሽቦ ባንጠለጥልስ?

ሙከራውን ብታዪ የሠርግ ያህል ነበር። እኔ ጣሪያ ላይ፣ አው ዓሊዪ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ በየበራቸው። የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ሰቅዬ በማንቆርቆሪያ ውኃ አፈሰስኩበት።

«አልተሰማኝም!» አሉ አጎትሽ።

«እኛ ሰምተናል!» አሉ ሴቶቹ።

«እናንተማ ያልተነገረውንም ትሰማላችሁ!»

የአሮጌ ድስት ክዳን ሰቀልኩ። «ይኼ ምሳ ደረሰ የሚል ነው የሚመስለው» አሉ። የዘይት ቆርቆሮ ሰቀልኩ፤ ልጅ ያስለቅሳል ተባለ። ከዚያ አንድ ቀጭን የናስ ሳሕን አግኝቼ ብሰቅል ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ደስ ብሎኝ ወደ ታች ባይ አው ዓሊዪ ግንባራቸውን ቋጥረዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼማ ቃጭል ነው! ግቢዬን መድኃኔዓለም ልታደርጊው ነው እንዴ?»

እናትሽ ከሳቋ ብዛት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔም ጣሪያው ላይ ተቀመጥኩ፤ ካልተቀመጥኩ እወድቅ ነበር። በመጨረሻ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቂጡን ቆርጬ ሰቀልኩ። ድምፁ ጎላ ያለ ነው፣ ግን አይጮኽብሽም። አው ዓሊዪ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት።

«ይኼ ውኃ ነው» አሉ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሱቄን እየዘጋሁ በየቀኑ እናንተ ግቢ እየመጣሁ ተቀመጥኩ። ቧንቧዎቹ ተዘግተው ነበር፤ እናትሽ ግን በየሰዓቱ ማጀት ገብታ የተዘጋውን ቧንቧ እያየች ትወጣለች፤ እጇ ይበላታል። «ትንሽ ብቻ ብከፍተውስ?» ትለኛለች። «እማ ዘይነባ፣ በአላህ ይዤሻለሁ» እላታለሁ። አንድ ቀን ያለ ምንም አለፈ። ሌላም ቀን አለፈ። ነስሮ በበሩ ሲያልፍ ሰላም ብሎን ይሄዳል።

መጣ፣ ሳዳ። ዙሁር ተሰግዶ ሰዉ ምሳ ላይ ነበር። መጀመሪያ ከቧንቧው የአየር ፉጨት፣ ከዚያ ቀጥሎ ቆርቆሮው፦ ጣ፣ ጣ፣ ከዚያ ጣጣጣጣጣ ብሎ ያዘ።

«መጣ! መጣ!» እናትሽ ናት። ከአራቱም ቤት ሴቶች ባልዲና ጀሪካን እያንጠለጠሉ ግልብጥ ብለው ወጡ፤ ይኸው የእናቶቻችን ልማድ። ግቢው መሐል ሲደርሱ ቆሙ። የሚቀዳ ነገር የለም። ውኃው ከላይ ራሱ እየሞላ ነው። ባዶ ባልዲያቸውን እንደያዙ አንጋጠው ጣሪያውን እያዩ አዳመጡ፤ አው ዓሊዪም የጎረሱትን ሳይውጡ አንጋጠዋል። ታንከሩ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና፣ ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ዘጋው፤ ጸጥ አለ። ግቢው ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለችም።

እናትሽ ማጀት ገብታ ቧንቧዋን ከፈተችው፤ ውኃው ቧ ብሎ ወረደ። ዘጋችው። ደግማ ከፈተችው፣ ዘጋችው። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። አው ዓሊዪ ጉርሻቸውን ዋጡና አጠገቤ መጡ።

«ማሻአላህ» አሉ። «እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን መዘርጋት የራስን ስሕተት መጀመር ነው ስል፣ ተጀምሮ እንደሚጨረስ ረስቼው ነበር።»

ያ ድምፅ በጀጎል ግድግዳ አይታገድም፤ ታውቂዋለሽ፣ ቤቶቻችን ጀርባ ለጀርባ ናቸው። በማግሥቱ ጠዋት ከጀርባችሁ ያለው ቤት ሴትዮ መጣች። «የእናንተ ቤት የሚጮኸው ምንድን ነው? እኛም ይጮኽልን!» አለች። ከእሷ ቀጥሎ ዘከሪያ ባለሱቁ መጣ። ከዚያ ሱቄ ድረስ እየመጡ «የሚጮኸውን» ማለት ጀመሩ፤ ስሙን ያወጡለት እነሱ ናቸው። አሁን ሙሉ ግቢ እየተረከብኩ ነው የምዘረጋው። ከሙያ ማሠልጠኛው የወጣች ብሌን የምትባል ልጅ ቀጥሬያለሁ፤ ጉልበቷን አይተሽ ዝም ነው። የወተት ቆርቆሮ በሰፈሩ ሁሉ ተፈላጊ ሆኗል።

ነስሮም መጣ። ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ስለማንችል ደጅ ቆመን ተነጋገርን። «አብረን እንሥራ፣ ሥራውን በስሜ ላምጣልሽ፣ አንቺ ትገቢያለሽ» አለኝ። አልተቆጣሁም፤ ከልቤ አመሰገንኩት። «ነስሮ፣ አንተ ባትቀጥረኝ መፍቻ አልይዝም ነበር» አልኩት። «በስምህ ግን አልገባም። ከአሁን በኋላ የምገባው በስሜ ነው።»

«እንደሱ እንደምትይኝ ለሚስቴ ነግሬያት ነበር» አለ።

«ምን አለችህ?»

«'ታዲያ የእኛን ቤት መቼ መጥታ እንደምትሠራ ጠይቃት' አለችኝ።»

አሁን ይህን የምጽፍልሽ እናንተ ግቢ ተቀምጬ ነው። እናትሽ ሚኒባሱ ሳይሄድ ጨርሺ እያለች አጠገቤ ለልጅሽ የላከችውን ልብስ ታጥፋለች። ምስጋና አልጽፍልሽም፤ ለአንቺ የምጽፈው ምስጋና ወረቀት አይበቃውም። ልጅቱ ስትጠነክር ይዘሻት ነይ፤ ስሟን እስካሁን በስልክ ብቻ ነው የማውቀው፣ ጆሮዋ ላይ ልጥራት።

ቆይ ሳዳ። ፈረቃው ደረሰ። የእናንተ ቆርቆሮ ገና ነው፤ የጮኸው ከታች፣ ከቁልቁለቱ በኩል ያለው ነው። ይኸው ሌላ ቀጠለ፣ እሱ ቀጠን ይላል። እናትሽ ልብሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጣቷን አንሥታለች። «ይቺ የዘከሪያ ቤት ናት» ትለኛለች፤ «ይቺ ደግሞ የጀርባችን። ይቺኛዋ… ይቺን አላውቃትም። የማን ናት?»

የነስሮ ቤት ናት፣ ሳዳ። ትላንት ነው የጨረስኩት።

ወዳጅሽ ለተማርያም፣
የቧንቧ ዘርጊ፣ ኤረር በር፣ ሐረር